አንጻራዊው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ምን ይመሰክራል? ስለ ልኬት ጥርጥር የቀረበ ትችት

በላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው አንድ ውጤት ባወጣ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው «ስንት ሆነ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ምን ያህል ይታመናል?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ሁለተኛውን በሚገባ የሚመልስ ግን ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ በተማሪዎች ሪፖርት፥ አልፎ አልፎም በታተሙ የምርምር ጽሑፎች ሳይቀር፥ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ይኸውም አንዱን ናሙና ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ደጋግሞ መለካት፥ ከተገኙት ቍጥሮች አንጻራዊውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማስላት፥ ያንኑም በመቶኛ ጽፎ «የልኬቱ ጥርጥር ይህን ያህል ነው» ብሎ መደምደም ነው።

ይህ ልማድ ቀላል ስለ ሆነ ተወዳጅ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው፥ አንጻራዊው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የጥርጥሩ አንድ ክፍል እንጂ ጥርጥሩ በሙሉ እንዳልሆነ፥ ብዙ ጊዜም ትንሹ ክፍል እንደ ሆነ ነው። ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በዚህ ቍጥር ላይ ተመሥርቶ የአንድ መንደር ውሃ ይጠጣል ወይም ይከለከላል፤ የተጫነ እህል ይራገፋል ወይም ከወደብ ይመለሳል፤ የበሽተኛ መድኀኒት ይጨመራል ወይም ይቀነሳል።

፩. የቃላቱ ትርጉም

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማለት ተደጋግመው የተለኩ ቍጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደ ተበተኑ የሚያሳይ ልክ ነው። ይህ ልክ ለአማካዩ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ አንጻራዊ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይባላል። በመቶኛ የሚነገር ስለ ሆነ የአንዱን መሣሪያ ሥራ ከሌላው፥ ብዙ መጠን ያለውን ናሙና ጥቂት መጠን ካለው ጋር ለማነጻጸር ይመቻል። ይህ ጥቅሙ የሚካድ አይደለም።

የልኬት ጥርጥር የሚባለው ግን ከዚህ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሰባት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በስምምነት ያሳተሙት የልኬት ጥርጥር አገላለጽ መመሪያ እንደሚያስተምረው፥ ጥርጥር ማለት ለተለካው ነገር በበቂ ምክንያት ሊሰጡ የሚችሉት ዋጋዎች ሁሉ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያመለክት ነው። መመሪያው የጥርጥርን ምንጮች የሚገምትባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የተደጋገሙ ልኬቶችን በስታቲስቲክስ መመርመር ነው። ሁለተኛው ከሌላ ዕውቀት፥ ማለት ከመሣሪያው ምስክር ወረቀት፥ ከፋብሪካው ከተሰጠው የልዩነት ወሰን፥ ከቀድሞ ሥራ ልምድ መገመት ነው። በሁለቱም መንገድ የተገኙት ክፍሎች፥ አንዱ ከሌላው ነጻ እስከ ሆነ ድረስ፥ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ይደመራሉ፤ የድምሩም ስኩዌር ሩት ጠቅላላው ጥርጥር ይሆናል። እንግዲህ የልማዱ ስሕተት በግልጽ ይታያል፤ የመጀመሪያውን መንገድ ብቻ፥ ያውም በአንድ ጧት ሥራ ብቻ፥ ወስዶ ሁለተኛውን ፈጽሞ መተው ነው።

፪. ምስክሩ አንድ ነው

ገበያ የወጣ ሰው ይህን ነገር ስታቲስቲክስ ሳይማር ያውቀዋል። ቁናው የጎደለ ነጋዴ አንዱን ጆንያ ጤፍ አምስት ጊዜ ቢሰፍር አምስት ጊዜም ያንኑ ቍጥር ያገኛል። ስፍሩ እርስ በርሱ መስማማቱ የቁናውን ጉድለት አይገልጠውም፤ እንዲያውም ይሸፍነዋል። በዳኛ ፊትም ቢሆን አንድ ምስክር ቃሉን አምስት ጊዜ ቢደጋግም አምስት ምስክር ቆመ አይባልም። ላቦራቶሪያችንም አንዱን ናሙና በአንዱ ፒፔት፥ በአንዱ መመሳከሪያ ፈሳሽ፥ በአንዱ ሰው እጅ፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ሲለካ ያገኘው ስምምነት ከራሱ ጋር የተስማማው ስምምነት ብቻ ነው።

ትንሽ ምሳሌ እንውሰድ። የ10 ሚሊሊትር የኤ ደረጃ ፒፔት የተፈቀደለት የልዩነት ወሰን 0.02 ሚሊሊትር ነው። በእጃችን ያለው ፒፔት በእውነት የሚሰጠው 10.015 ሚሊሊትር ቢሆን፥ ዛሬም ነገም ያንኑ ይሰጣል፤ ስለዚህ ይህ ትርፍ በተደጋገሙት ቍጥሮች መበተን ውስጥ አይታይም። ፒፔቱ በወሰኑ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል ብለን 0.02ን በ3 ስኩዌር ሩት ብናካፍል 0.012 ሚሊሊትር፥ ማለት 0.12 በመቶ ጥርጥር ይወጣል። መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ስንትም ጊዜ ቢለካ የማይጠፋ ነው። የመመሳከሪያው ፈሳሽ፥ የሚዛኑና የናሙናው አዘገጃጀት የሚያመጡት ደግሞ ከዚህ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ዓይነቱን «ያጋደለ ስሕተት» እንበለው፤ ቍጥሩን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላልና።

ትልቁ የታሪክ ምሳሌ የሮበርት ሚሊካን ሥራ ነው። ሚሊካን የዘይት ጠብታዎችን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ እያንሳፈፈ የኤሌክትሮንን ቻርጅ ለካ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመውም ጽሑፍ የ58 ጠብታዎችን ውጤት ሰብስቦ 4.774 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.009 ብሎ አስታወቀ። መለኪያው በጊዜው የነበረው የኤሌክትሮስታቲክ መለኪያ ሲሆን ቍጥሩ ለ10 ቢሊዮን ተካፍሎ የሚነበብ ነው። የጠብታዎቹ እርስ በርስ መስማማት እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው መለኪያ ትክክለኛው ዋጋ 4.803 ነው፤ ልዩነቱም 0.029 ሲሆን ሚሊካን ካስቀመጠው ወሰን ሦስት ጊዜ ይበልጣል። ምክንያቱ ከጠብታዎቹ አልነበረም፤ በስሌቱ ውስጥ የገባው የአየር ዝልግልግነት ዋጋ በመጠኑ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ነው። ይህ አንድ ዋጋ በ58ቱም ጠብታዎች ስሌት ውስጥ እኩል ስለ ገባ፥ ጠብታዎቹን 5800 ቢያደርጋቸው እንኳ ስሕተቱን ሊያወጣው አይችልም ነበር። ስሕተቱ የተደረሰበት ሌሎች ሰዎች በኤክስሬይና በክሪስታል፥ ማለት ፈጽሞ በተለየ መንገድ፥ ቻርጁን ከለኩ በኋላ በ1930ዎቹ ነው። ሚሊካን ከታላላቅ ለኪዎች አንዱ ነው፤ እርሱን ያታለለ ነገር ተማሪን አያታልልም ማለት አይቻልም።

፫. የፍሎራይድ ውሃ ምሳሌ

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት እንደሚገኝ የታወቀ ነው። የእሳተ ገሞራ አለትና ሶዳ የበዛበት ውሃ ሲገናኙ ፍሎራይዱ ከአለቱ ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃውን ከልጅነት ጀምሮ የሚጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ በበዛበትና ዘመኑ በረዘመበት ቦታም አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

አሁን አንድ ተማሪ ከአንድ ጕድጓድ የመጣ ናሙና በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ለካ እንበል። ቍጥሮቹ ለማስረጃ ያህል በእኛ የተቀመጡ ናቸው። ያገኘው 1.42፥ 1.46፥ 1.44፥ 1.43 እና 1.45 ነው። አማካዩ 1.44፥ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.016፥ አንጻራዊው 1.1 በመቶ ይሆናል። ተማሪውም በልማዱ መሠረት «1.44 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.02፤ ስለዚህ ውሃው ከወሰኑ በታች ነው» ብሎ ይጽፋል። ሪፖርቱ ያማረ ነው፤ ፍርዱ ግን ገና አልተረጋገጠም።

ለምን ቢባል፥ ኤሌክትሮዱ የሚነግረን በሚሊቮልት ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠኑ በ10 እጥፍ ሲለወጥ ንባቡ በ59 ሚሊቮልት ያህል ይለወጣል። በዚህ ሒሳብ የ1 ሚሊቮልት ስሕተት በመጠኑ ላይ የ4 በመቶ ስሕተት ያመጣል። በጧቱና በከሰዓቱ መካከል ሙቀቱ ቢለወጥ፥ ኤሌክትሮዱም ቀስ በቀስ ከቦታው ቢንሸራተት፥ 1 ሚሊቮልት ብዙ አይደለም። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ የተነበቡት አምስት ቍጥሮች ግን ይህን መንሸራተት አያዩትም፤ ሁሉም አብረው ተንሸራትተዋልና። ከዚህም ሌላ በውሃው ውስጥ አሉሚኒየም ወይም ብረት ካለ ፍሎራይዱን ይይዘዋል፤ ኤሌክትሮዱም የሚያየው ነጻውን ብቻ ስለ ሆነ ውጤቱ ዝቅ ይላል። ውሃው ሶዳማነቱ እጅግ ከበዛ ደግሞ ኤሌክትሮዱ ሃይድሮክሳይዱን እንደ ፍሎራይድ ቈጥሮ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከናሙናው ጋር የሚቀላቀለው የማመቻቻ ፈሳሽ ይህን ሁሉ ለመከላከል የታሰበ ነው፤ በእርግጥ መከላከሉን የሚነግረን ግን ሌላ ሙከራ እንጂ ያው ንባብ መደጋገሙ አይደለም።

እንግዲህ ይኸው ላቦራቶሪ አንዱን መቈጣጠሪያ ናሙና ለብዙ ሳምንታት፥ በልዩ ልዩ ቀን፥ በልዩ ልዩ ሰው፥ አዲስ መመሳከሪያ ፈሳሽ እየተዘጋጀ ሲለካ አንጻራዊው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 4 በመቶ ቢሆን፥ ላጋደለ ስሕተት የሚያዘው ጥርጥር ደግሞ 3 በመቶ ቢሆን፥ 4 በ4 ሲባዛ 16፥ 3 በ3 ሲባዛ 9፥ ድምሩ 25፥ ስኩዌር ሩቱ 5 በመቶ ነው። የአንዱ ቀን 1.1 በመቶ ለብቻው አይደመርም፤ በ4ቱ በመቶ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷልና። 95 በመቶ ያህል እምነት እንዲኖረን በ2 ስናባዛው 10 በመቶ፥ ማለት በሊትር 0.14 ሚሊግራም ይሆናል። ትክክለኛው ሪፖርት «1.44 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.14» ነው፤ ክልሉም ከ1.30 እስከ 1.58 ይደርሳል። ወሰኑ 1.5 በዚህ ክልል ውስጥ ወደቀ።

የሁለቱን ሪፖርቶች ልዩነት በዕድል ሒሳብ ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጣል። ስሕተቶቹ የተለመደውን የደወል ቅርጽ ይከተላሉ ካልን፥ በመጀመሪያው ሪፖርት የውሃው እውነተኛ መጠን ከ1.5 የመብለጡ ዕድል ከ10,000 አንድ እንኳ አይሞላም። በሁለተኛው ግን ወደ ከአምስት አንድ ይጠጋል። አማካዩ በሁለቱም 1.44 ነው፤ የተለወጠው የጥርጥሩ አገማመት ብቻ ነው። ከጕድጓዱ የሚቀዱ እናቶች ሊያውቁት የሚገባው የትኛውን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

፬. የቍጥሩ የራሱ ድካም

አንጻራዊው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያጋደለ ስሕተትን ካለማየቱ በቀር በገዛ አገሩም ቢሆን ደካማ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ።

አንደኛ፥ ከጥቂት ልኬት የተሰላ እንደ ሆነ ራሱ አጠራጣሪ ነው። ከአምስት ልኬት የተገኘ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እውነተኛው ዋጋ በ95 በመቶ እምነት ከተገኘው 0.6 እጥፍ እስከ 2.9 እጥፍ የትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከላይ ያየነው 1.1 በመቶ 0.7 ወይም 3.2 በመቶ ቢሆን አያስደንቅም። ይህን እያወቅን «1.098 በመቶ» ብለን ሦስት የነጥብ አሃዞች የምንጽፍ ከሆነ ቍጥሩን ማስጌጥ ይሆናል። በሁለት ልኬት ብቻ የሚደመድም ሰው ደግሞ በ2 ፈንታ በ12.7 ማባዛት እንዳለበት የስቱደንት ሠንጠረዥ ይነግረዋል።

ሁለተኛ፥ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን በልኬቶቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ማካፈል በብዙ ሪፖርት ውስጥ ያለ አስተያየት ይደረጋል። ይህ ስሌት የሚያሳንሰው የንባቡን መዋዠቅ ብቻ ነው። ለጠቅላላው ጥርጥር ቢሠራ ኖሮ አንዱን ናሙና 10,000 ጊዜ የለካ ሰው ፍጹም እውነትን በጨበጠ ነበር፤ ሚሊካን ግን አልጨበጠም።

ሦስተኛ፥ እውነተኛ ዜሮ በሌለው መለኪያ ላይ አንጻራዊ የሚባል ነገር ትርጉም የለውም። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የ0.5 ዲግሪ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 2.5 በመቶ ይመስላል፤ ያው ሙቀት በኬልቪን ሲጻፍ 0.17 በመቶ ይሆናል። ቴርሞሜትሩ አልተሻሻለም፤ አካፋዩ ብቻ ተለወጠ። በፒኤች ላይ የሚሰላ መቶኛም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ጥርጥሩ በራሳቸው መለኪያ ሊጻፍ ይገባል።

አራተኛ፥ ወደ ዜሮ በተጠጋን ቍጥር መቶኛው ያብጣል። የመሣሪያው የማየት ወሰን የባዶው ናሙና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሦስት እጥፍ ነው ከተባለ፥ በዚያ መጠን ላይ አንጻራዊው 33 በመቶ ያህል መሆኑ ከትርጉሙ ይከተላል። ስለዚህ በብዙ መጠን ላይ የተገኘውን 2 በመቶ ወስዶ እጅግ ጥቂት ለሆነ መጠን መጻፍ ስሕተት ነው። ማስረጃው በተሰበሰበበት የመጠን ክልል ውስጥ ብቻ ሊነገር ይገባል።

፭. ስለ ሆርዊትዝ መስመር

ሌላ አቋራጭ መንገድም አለ። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልያም ሆርዊትዝ፥ ብዙ ላቦራቶሪዎች አንድ ናሙና ተከፋፍለው የለኩባቸውን ሙከራዎች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ የሚያስገርም ነገር አሳተመ። የሚለካው ነገር ምንም ይሁን፥ ዘዴውም ምንም ይሁን፥ በላቦራቶሪዎች መካከል ያለው አንጻራዊ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በአብዛኛው የሚከተለው የመጠኑን ማነስ ነው፤ መጠኑ በ100 እጥፍ ባነሰ ቍጥር መቶኛው እጥፍ ይሆናል። ለንጹሕ ነገር 2 በመቶ፥ ከመቶ አንድ እጅ ለሆነ 4 በመቶ፥ ከሚሊዮን አንድ እጅ ለሆነ 16 በመቶ፥ ከቢሊዮን አንድ እጅ ለሆነ 45 በመቶ ያህል ነው።

ይህ ግኝት ትልቅ ትምህርት አለው። በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ 1 በመቶ የሚሉ ሰዎች ወደ ጎረቤት ላቦራቶሪ ሲሻገሩ ምን ያህል እንደሚለያዩ በግልጽ ያሳያል። ለፍሎራይዳችን ለ1.5 ሚሊግራም በሊትር የሚሰጠው ግምት 15 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ መስመሩን «ጥርጥሬ ይኸው ነው» ብሎ ከመጽሐፍ መገልበጥ ከመጀመሪያው ልማድ የተለየ ስሕተት አይደለም። አንደኛ፥ መስመሩ ያለፈ ሥራ መዝገብ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ጥሩ ዘዴ ከእርሱ ሊሻል፥ ግዴለሽ እጅም ከእርሱ ሊብስ ይችላል። ሁለተኛ፥ በሁሉም መጠን ላይ አይሠራም፤ ማይክል ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳመለከተው ከቢሊዮን 120 እጅ በታች መስመሩ መውጣቱን ትቶ በ22 በመቶ ላይ ቢቆም ከእውነተኛው ሥራ ጋር ይበልጥ ይስማማል። ሦስተኛ፥ ከሁሉም በላይ፥ ሆርዊትዝ የእኛን ላቦራቶሪ አላየም። መስመሩ የራሳችንን ቍጥር የምናመሳክርበት ዘንግ ይሁን እንጂ የራሳችን ቍጥር አይሁን።

፮. መከላከያውና መልሱ

ለልማዱ የሚቀርበው መከላከያ እንዲህ ነው። «የምስክር ወረቀት ያለው መመሳከሪያ ናሙና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ነው፤ የጥርጥርን ምንጭ ሁሉ አንድ በአንድ መቍጠር የወራት ሥራ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ያለው ጊዜ አንድ ሴሚስተር ነው።» ይህ አቤቱታ እውነትነት አለው፤ በንቀት ሊታለፍም አይገባም። ነገር ግን ሁሉን ማድረግ ባለመቻል ምክንያት ምንም አለማድረግ አይፈቀድም። የሰሜን አውሮፓ አገሮች ኖርድቴስት በተባለው ድርጅታቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ለውሃና ለአካባቢ ላቦራቶሪዎች ያወጡት መመሪያ ምንጩን ሁሉ ሳይቈጥር በሁለት ነገር ብቻ ይሠራል። እነርሱም የላቦራቶሪው የረጅም ጊዜ መዋዠቅና ያጋደለው ስሕተት ናቸው። ከላይ በፍሎራይዱ ምሳሌ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ በውስጡም አንጻራዊው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚገባውን የክብር ቦታ አግኝቷል።

ስለዚህ በአነስተኛ ወጪ ሊደረግ የሚቻለውን እንጠቍማለን። ከአንድ ምንጭ በብዛት ተቀድቶ በጥንቃቄ የተቀመጠ ውሃ መቈጣጠሪያ ናሙና ሊሆን ይችላል፤ በየሥራው ቀን አንድ ጊዜ እየተለካ ዋልተር ሸዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳየው ሠንጠረዥ ላይ ነጥቡ ቢመዘገብ፥ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ የረጅም ጊዜው መዋዠቅ ይታወቃል። በናሙናው ላይ የታወቀ መጠን ጨምሮ ስንት እንደ ተመለሰ ማየት፥ ሙሉ ማስረጃ ባይሆንም፥ ያጋደለውን ስሕተት በከፊል ይገልጣል። ሁለት ላቦራቶሪዎች ናሙና ቢለዋወጡ ደግሞ ሁለተኛ ምስክር ተገኘ ማለት ነው፤ ለዚህም ከጠርሙስና ከመልካም ፈቃድ ሌላ ብዙ አያስፈልግም።

በሪፖርት ላይም የሚከተሉት አራት ነገሮች እንዲጻፉ ለመምህራንና ለጓደኞቻችን እናሳስባለን። ስንት ልኬት ተደረገ? በአንድ ቀን ነው ወይስ በብዙ ቀን፥ በአንድ ሰው ነው ወይስ በብዙ ሰው? ያጋደለው ስሕተት በምን ተመረመረ? ከመደመርና ከመቀነስ ምልክቱ ቀጥሎ ያለው ቍጥር አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው ወይስ በ2 የተባዛ? እነዚህ አራቱ ከአንድ መስመር የሚበልጥ ቦታ አይወስዱም። ያለ እነርሱ የቀረበ መቶኛ ግን ምን እንደሚመሰክር አይታወቅም።

አስተማሪዎች ሪፖርት ሲያርሙ አነስተኛ መቶኛ ያመጣውን ተማሪ በከፍተኛ ማርክ መሸለም የተለመደ ነው። ይህ ሽልማት ልማዱን ይመግበዋል፤ ተማሪው አምስተኛው ንባብ ከአራቱ ራቅ ቢል እንዲሰርዘው ይገፋፋዋልና። ሊሸለም የሚገባው 10 በመቶ ጽፎ ከየት እንደ መጣ ያስረዳው እንጂ 1 በመቶ ጽፎ ሊያስረዳ ያልቻለው አይደለም። ጥርጥሩን በሙሉ የገለጠ ውጤት ደካማ መስሎ ቢታይም ዳኛውም ሐኪሙም የውሃ መሐንዲሱም ሊሠሩበት ይችላሉ፤ ጥርጥሩን የደበቀ ውጤት ግን ስሕተቱ የሚታወቀው ውሃው ከተጠጣ በኋላ ነው።